በአማቴ ጨሞ ላይ የጻፍኩት

ባለቤቴ ቃር ሲነሣበት ደረቱን በጡጫው መታ መታ ያደርግ ነበር። ጂኦግራፊ ሲያስተምርም ይህ ልማዱ አይለቀውም። አንድ ቀን ከጥቁር ሰሌዳው ድንገት ዞር ሲል የኋላ ወንበር ተማሪዎች እየተያዩ ደረታቸውን ሲመቱ አግኝቷቸው ራሱም አብሮ እንደሳቀ ነግሮኛል። ቀን ቀን ይስቅበት ነበር። ከተኛ በኋላ ግን ጎምዛዛው ውሃ ወደ ጉሮሮው እየወጣ ይቀሰቅሰዋል፤ ትራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጭ እንዳለ ይነጋል። ወተት አሞቅለት ነበር። ወተቱ ለትንሽ ጊዜ ያበርድለትና መልሶ ይብስበታል።

ሁለታችንም መምህራን ነበርን፤ የምንኖረው ቴፒ ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ገና አልመጣም፤ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ሰው ሁሉ የሰውን ቤት ያውቃል። ወላጆቼ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ኦርቶዶክሶች ናቸው። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ፕሮቴስታንት። እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቡና ተክሉ በታች ባለው መንደር ለብቻቸው ይኖራሉ። አፍ የፈቱት በሸኮ ቋንቋ ነው። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ሲሆን አጭር አጭር አድርገው ይናገሩታል፤ ትርፍ ቃል አይጨምሩበትም። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። የማወራው ነገር ሲጀመር ሁለት ዓመቷ ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄደው እኔ አስገድጄው ነው። የተቀበለን ጤና መኮንን ሽበታምና ቀልደኛ ሰው ነበር።

«ምን ትበላለህ?» አለው።

«ያገኘሁትን።»

«ሚስትህ ያቀረበችልህን ማለትህ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እኅቴ፣ ደብተር ያዢ። ሰውን ሁሉ የሚያቃጥል አንድ ምግብ የለም። አንዱን ቡና ነው የሚያስነሣበት፣ አንዱን ቲማቲም፣ አንዱን ቅባት። የእሱን እኔ አላውቅም፤ የምታገኙት እናንተ ናችሁ። አንድ ነገር ብቻ ለሁለት ሳምንት አስቀሩ። ካልተሻለው መልሱለትና ሌላ አስቀሩ። ሲያመው ጻፊ፣ ሳያመውም ጻፊ። የበላውን ብቻ አይደለም፤ የበላበትንም የተኛበትንም ሰዓት።»

«ፈተና አደረጋችሁብኝኮ» አለ ባለቤቴ።

«ፈታኟ አጠገብህ ነው የምትተኛው፤ መኮረጅ የለም።»

ካፕሱልም ሰጠው። ካፕሱሉ እስኪያልቅ ደህና ነበር፤ ሲያልቅ ቃሩ ተመለሰ። ከጤና ጣቢያው ስንመለስ መንገድ ላይ «ዶክተሬ» ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያሾፍብኝም ሲያቆላምጠኝም ስሜ እሱ ሆነ።

የአንዱን ደብተር ገጾች በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈልኳቸው፤ ቀን፣ የበላው፣ ሰዓት፣ ቃር። በመጨረሻው ቦታ «አለ» ወይም «የለም» ብዬ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱን በደንብ ጻፍኩ። ያኔ ቀን ከማስተምረው ሌላ የማታ ትምህርትም ነበረኝ። ቤት የምገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ራት የሚቀርበው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እሱ ሳይበላ ይጠብቀኛል፤ በጣም ርቦት ይበላል፤ ጠግቦ ወዲያው ይተኛል። ሦስት ከሩብ፣ ሦስት ተኩል፣ ሦስት ከሃያ። እነዚህ ቁጥሮች አንዱ ከአንዱ በታች ሲደረደሩ ቤቴን ኢንስፔክተር የገባበት መሰለኝ። ይህች ሴት ባሏን በሰዓቱ አታበላም የሚል ሪፖርት በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሰዓቱን ቦታ ባዶ ተውኩት። ረስቼው አይደለም። ዛሬ ረስቼው ነው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር።

በበርበሬ ጀመርን። አልጫ ሽሮ ሳቀርብለት አንዴ ጎረሰና ጣሪያውን አየ።

«ዶክተሬ፣ ይህን ሁለት ሳምንት የበላ ሰው ኃጢአቱ አይሰረይለትም?»

«ጴንጤ በምግብ አይጸድቅም ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። በሃይማኖታችን የምንቀላለደው እንዲህ ነበር።

በርበሬው ቀረ፤ ቃሩ ግን አልቀረም። ቀጥሎ ቡና። ቴፒ ውስጥ ቡና አልጠጣም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተቀያይሟል። በየደረሰበት «ምን አደረግንህ?» እየተባለ ሁለት ሳምንቱን ጨረሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሻለው መስሎን ነበር፤ ከዚያ እንደ በፊቱ ሆነ። ቲማቲም አስቀረን። ዘይትና ቅቤ ቀነስን። ማንጎ ሲደርስ ደግሞ ጥሬውን በሚጥሚጣ መብላት ይወዳል፤ እሱንም ከለከልኩት። አንድ ቀን እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ጎራ ስል መምህራን ክፍል ውስጥ ጉንጩ ተወጥሮ አገኘሁት። አፉን ሳይከፍት በዓይኑ ሰላም አለኝ።

«ዋጠው፣ ዋጠው! ደብተሯን ይዛ መጥታለች!» አለ አንዱ ባልደረባው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን «ጥሬ ማንጎ፣ ተደብቆ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ላይ ከሌላው ሰው ጥፋት ያመለጠኝ ነገር የለም።

ሳይነካ የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ የእናቱ ጨሞ።

ጨሞ የሚፈላው ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉን በእሳት ጠበስ አድርገው ይወቅጡትና ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣ፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር ያፈሉታል። ጠዋት ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ይጠጣል። በአማቴ መንደር ጨሞ በተራ ነው። ዛሬ በዚህ ቤት፣ ነገ በዚያኛው፤ ጎረቤቱ ወደ ሥራው ከመበተኑ በፊት ባለተራው ቤት ይሰበሰባል። የታመመውም፣ የተጣላውም፣ የጠፋችው ላምም ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ቀርቶ አያውቅም። ከተጋባንም በኋላ ገና ጎህ ሲቀድ በብስክሌቱ ይወርዳል። ተራው የማንም ይሁን፣ የእሱን ኩባያ የሚሞሉት እናቱ ናቸው። ወደ እኔ የሚመለሰው ጠግቦ ነው። ያቀረብኩለትን ቁርስ እጅ ሰዓቱን እያየ ሁለቴ ይጎርስና ወደ ሥራው ይሮጣል።

እኔም ጥቂት ጊዜ አብሬው ወርጃለሁ። በደንብ ነበር የተቀበሉኝ፤ መቀመጫ ለቀውልኛል፤ ኩባያዬ ሳይጎድል ሞልተውልኛል። ግን ወሬው በሸኮ ነው። ሲስቁ በምን እንደሳቁ እሱ ዞሮ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ፤ እሱ ነግሮኝ ሳቅ ስል እነሱ ሌላ ወሬ ላይ ደርሰዋል። ዘመዶቼ ደግሞ «አማትሽ ቅጠል ቀቅለው ያጠጡሻል አሉ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ተቆጥቻቸው አላውቅም። እንዲያውም አብሬያቸው ፈገግ ያልኩበት ቀን አለ።

ስለዚህ ደብተሩ ጨሞው ላይ ሲደርስ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ዝንጅብል አለው፣ ሚጥሚጣ አለው፣ ቅጠሉም ያው ቡና ነው። ያውም በባዶ ሆድህ» አልኩት።

«ዶክተሬ፣ ከእናቴ ጡት ቀጥዬ የጠጣሁት እሱን ነው።»

«ሁለት ሳምንት ብቻ።»

«እናቴን ምን እላታለሁ?»

«ደብተሩ ነው በላት።»

እነዚያ ሁለት ሳምንታት የማታ ትምህርት ለዕረፍት የተዘጋበት ጊዜ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስለምውል ራት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይቀርብ ነበር። ከራት በኋላ ልጃችንን ጀርባው ላይ እየጫነ ሲያስቃት ያመሻል። ቃሩ ጠፋ። ከአሥራ አራቱ ቀን በአሥራ ሁለቱ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ራቱ ሰዓት ያን ጊዜ አላሰብኩም ብል አልዋሸሁም። ላለማሰብ የረዳኝ ግን ያ ባዶ የተውኩት ቦታ ነው። ቢጻፍበት ኖሮ ዓይኔ ያየው ነበር።

እናቱ እሱ ሲነግራቸው አላመኑም። «ደብተሯን ይዛ ትምጣ» ብለው ላኩብኝ።

የሄድኩ ቀን ተራው የእሳቸው ነበር፤ አራት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል።

«ደብተሩ ስለ እኔ ምን አለ?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ አይደለም እማማ፣ ስለ ጨሞው ነው።»

«ጨሞው የማን ነው? አንብቢው።»

አነበብኩ። «ጨሞ አልጠጣም፣ ቃር የለም። ጨሞ አልጠጣም፣ ቃር የለም።» አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸውን አስተማሪ ያደረገው ፊደል ስለሆነ ግን የተጻፈ ነገር ሲነበብላቸው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሳይንቀሳቀሱ ነው የሚሰሙት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሁሉም ቀን እንዲህ ይላል?»

«ከሁለት ቀን በስተቀር።»

«የተጻፈ ነው እንግዲህ» አሉ።

አንዷ ጎረቤት ኩባያዋን አሸተት አደረገችና «የገዛ ልጇን እንዲህ ካቃጠለ የኛን አንጀትማ ቀቅሎታል!» አለች። ሁሉም ሳቁ። አማቴም ሳቁ። በዚያ ጠዋት ከእኔ በቀር ክፉ ያሰበ አልነበረም። በሚቀጥለው ተራቸው ግን የመጣው ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እነሱም ኩባያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ከዚያ በኋላ «ደክሞኛል፣ እኔን ዝለሉኝ» አሉ። ዘለሏቸው። በዚያ መንደር የማያፈላ ሰው አትምጣ አይባልም። ግን ሳያፈሉ በሰው ቤት ሄዶ መጠጣት ያሳፍራል። አማቴ ከጠዋቱ ስብስብ ቀሩ። ድስቱን አጥበው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ባለቤቴ ይህን እያዘነ ሲነግረኝ «ለእሳቸውም ዕረፍት ነው፤ ደክሟቸዋል» አልኩት። እሱም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከእኔ ጋር ቁርስ ይበላ ጀመር። የምፈልገውን አገኘሁ። እንቁላሉን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ ብዙ አያወራም ነበር፤ ያንንም እንቅልፍ ነው ብዬ አለፍኩት።

የማታ ትምህርት ተከፈተ፤ ቃሩም ተመለሰ።

«ጠጥተሃል» አልኩት።

«አልጠጣሁም።»

«እናትህ ዘንድ ጠጥተሃል።»

«እናቴ ድስቷን ከሰቀለች ስንት ጊዜዋ ነው!» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔ ግን «ሳይጠጣ አልቀረም» ብዬ ጻፍኩ። አንድን እውነተኛ ሰው ውሸታም ያደረግኩበት መስመር እሱ ነው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኜ ነው የጻፍኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ በከተማው መብራት በፈረቃ ሆነ። የማታው ትምህርት በጨለማ አይሆንምና ወደ አሥር ሰዓት ተሳበ። ራታችንም እንደገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ቃሩ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ከወር በኋላ ጨርሶ የለም። ባለቤቴ «የሚስቴ ደብተር ፈወሰኝ» እያለ መምህራን ክፍልም፣ ጸሎት ቤትም፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድም አወራ። ለእናቱም ነገራቸው። «እግዜር ይስጥልኝ በላት» ብለው ማር ላኩልኝ፤ ከጌጫ ዘመድ ያመጣላቸውን፣ ለራሳቸው እንኳ ያልቀመሱትን። ማሩን ተቀበልኩ፤ በላሁትም።

አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ሳጥብ መጥቶ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ዶክተሬ፣ ልናዘዝ?»

«ጴንጤ ለሚስቱ ነው እንዴ የሚናዘዘው?»

«ጨሞ እየጠጣሁ ነው። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ከእናቴ ቤት በላይ ያለችው ጎረቤት ዘንድ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ።»

እጄ ሳሙናው ውሃ ውስጥ ቀረ። «ከእናትህ ተደብቀህ?»

«ከእናቴም፣ ካንቺም። ጠጥተሃል ካልሽኝ አይቀር ልጠጣው ብዬ ነው የጀመርኩት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ግን ቃር የለም። እየጠጣሁም የለም። እንግዲያው ጨሞው አልነበረም ማለት አይደል? እናቴ በከንቱ ነው ድስቷን የሰቀለችው።»

አንሶላውን ደግሜ አሸሁት።

«ነገ ከጸሎት በኋላ ወርጄ ልንገራት።»

«ቆይ» አልኩት። «እርግጠኛ እንሁን። ደስ ካላቸው በኋላ ተመልሶ ቢነሣብህስ? ሁለት ጊዜ ማሳዘን ይሆናል። ትንሽ ልከታተለውና ልጻፈው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ወር።»

እሱም እንደ እናቱ የተጻፈ ነገር ያምናል። «እሺ ዶክተሬ» ብሎ የታጠበውን አንሶላ ጫፍ ያዘልኝ፤ አብረን ጨመቅነው።

እሱ ሲወጣ እጄን አደራርቄ ደብተሩን ከፈትኩ። ቀኖቹን ከማታ ትምህርት መርሐ ግብር ጋር አስተያየሁ። ራት ሲመሽ ቃር አለ፤ ራት ቀደም ሲል ቃር የለም። በርበሬውም፣ ቡናውም፣ ጨሞውም የት ነበሩ? ሞልቶ የተኛ ሆድ ነበር የሚያቃጥለው፤ ጤና መኮንኑም በመጀመሪያው ቀን የበላበትንም የተኛበትንም ሰዓት ጻፊ ያለኝ ለዚሁ ነበር። ለማወቅ ሌላ ወር አላስፈለገኝም፤ እዚያው ቆሜ አወቅኩ። ወሩን የጠየቅኩት በአራት ጎረቤት ፊት ያነበብኩትን ሰው እስኪረሳው ድረስ ነው። ከረሱት በኋላ ቀስ ብሎ ይነገራል ብዬ ነው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነበር። ቴፒ የኖረ ሰው ወባን እንደ ጉንፋን ይንቃል፤ እኛም ናቅነው። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ አማቴ ከድንኳኑ መሐል ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩአቸው። «ያቃጠልኩት ልጄ! በዚህ እጄ እየቀዳሁ ያቃጠልኩት ልጄ!» አሉ። የተናገሩት በአማርኛ ነው። ለማን ብለው በአማርኛ እንዳሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዎች «ወባ ነው እኮ፣ ሐኪም ያየው ወባ ነው» ሲሏቸው «ሆዱን እኔ ባላደክምበት ወባ አይጥለውም ነበር» ብለው መለሱ። ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ርቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሴቶች በሁለት በኩል ደግፈውኛል። አፌን መክፈት እችል ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት እሁዱ ልጄን ይዤ እወርድ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ጨሞውን ሲተው ድኖ ነበር አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ደብተሩ እንዲህ አለ አይደል?»

«አዎ።»

ስንት ጊዜ «አዎ» እንዳልኩ አላውቅም። እንደ ቅጣት ነበር የምቀበለው፤ ቅጣቱ ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በእሳቸው ላይ ነበር የሚወድቀው። ከስተው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶቹ በደጃፋቸው ሲያልፉ በሩን ገርበብ አድርገው ውስጥ ይቀመጣሉ አሉ። እኔም ብቻዬን ስሆን የማበስልበት ልብ ጠፍቶ አመሻሽቼ ያገኘሁትን ጎርሼ መተኛት ጀመርኩና ቃር ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬን ሲፍቀው ለካ እንዲህ ነበር አልኩ። ሰዓቱን ማስተካከል እንደሚያድነኝ እያወቅኩ ብዙ ጊዜ ሳላስተካክለው ቆየሁ።

ለልጄ አያቷ የሚሰጧት ሙዝ ብቻ ነበር፤ ያውም በልጣጩ። «ላጪላት፤ እኔ አልነካሁትም» ይሉኛል። እኔ እልጣለሁ፣ እሷ ትበላለች። አምስት ዓመት ሲሆናት መጠየቅ ጀመረች። «አያቴ ቤት ለምንድን ነው ምግብ የማይበላው?» አለችኝ መንገድ ላይ። «አያትሽ ደክሟቸዋል» አልኳት። ያንኑ ቃል ስጠቀም ሁለተኛዬ ነበር።

አንድ እሁድ ስንደርስ አማቴ ለራሳቸው ጎደሬ ቀቅለው እያወጡ ነበር። ልጄ ሄዳ ከሳህኑ አንዱን አነሣች። አሮጊቷ ያላቸውን ጉልበት ሁሉ ሰብስበው እጇን መቷት። ጎደሬው መሬት ወደቀ።

«ከዚህ እጅ አትብዪ! አባትሽን ያቃጠለ እጅ ነው!»

ልጄ አላለቀሰችም። መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ የአያቷን እጅ፣ ከዚያ እኔን አየች። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ የሰማችውን ታምናለች፤ ወደ ቤት ይዛው ልትሄድ ነበር።

«እማማ፣ ጨሞው አልነበረም» አልኩ።

እንዴት እንደጀመርኩት ሳላውቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ራቱ ሰዓት፣ ባዶ ስለተውኩት ቦታ፣ ስለ መብራቱ ፈረቃ፤ ጠዋቱን ከእሳቸው ወስጄ የራሴ ማድረግ ስለፈለግኩ እንደሆነም ነገርኳቸው። ከወደቀው ጎደሬ ላይ አፈሩን እየጠረጉ ሰሙኝ። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደኑት።

«ያኔ ስታነቢልኝ ስንት ሰው ነበር?»

«አራት።»

«አሁን ስንት ሰው አለ?»

ዙሪያዬን አየሁ፤ ከእሳቸውና ከልጄ በቀር ማንም የለም።

«ለእኔ ብቻ ሹክ ብለሽ ልትሄጂ ነው? ከእጄ መጠጣት የተዉት እነሱ ናቸው። ሂጂ፣ ጥሪያቸው።»

ከቤት ቤት እየዞርኩ ጠራኋቸው። አንዷ ልጇን ልትጠይቅ ወደ ማሻ ሄዳለች፤ ሦስቱ መጡ። ሰንበት ስለነበር ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፤ የጠራኋቸው ለደስታ ይሁን ለሐዘን አላወቁም። እነሱ ተቀመጡ፤ እኔን ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም። ቆሜ ደግሜ ነገርኳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ማሳመሪያ የለውም፤ በጥቂት ቃል አለቀ። ባሌን ያቃጠለው የእኔ የመሸ ራት ነው፤ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የእማማ ጨሞ ማንንም አላሳመመም።

ያኔ የቀለደችው ጎረቤት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኛማ ያኔም አላመንንም» አለች።

«አላመናችሁም» አሉ አማቴ። «ግን አልጠጣችሁም።»

ከዚያ ከላይ ቤት ያለችው ሴት፣ ባለቤቴ ተደብቆ ይጠጣባት የነበረችው፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ «እኔ ዘንድ ይጠጣ ነበር። ለእናቴ አትንገሪያት፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ሊነግርዎት ፈልጎ ነበር። ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀን አቆየሽው?»

«ሃያ ሦስት።»

ቁጥሩን በቋንቋቸው ደገሙት። ለጎረቤቶቹ አልነበረም፤ ለራሳቸው ነበር። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ እነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም ነበር። በዚህ ጊዜ ተለወጠ። ልጃቸው ከእጃቸው ሳይጠጣ የሞተው ጨሞው እንዳልጎዳው ሳያውቅ ቀርቶ እንዳልነበር የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን ገለጡ። ከጎደሬው አንዱን ቆርሰው እፍ እፍ አሉበት፤ ልጄን በክንዷ ስበው መዳፏ ላይ አደረጉላት። ልጄ እኔን ሳታይ በላች።

«ልጅቷን ተያት» አሉኝ። «አንቺ ሂጂ።»

ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ስመለስ ከላይ ቤት ያለችው ሴት አጥሩ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ አደርሳታለሁ። ጨሞ መልሰው ማፍላት መጀመራቸውን፣ ተራቸውም መመለሱን የሰማሁት ከልጄ ነው። የአባቷን ቋንቋ እየቀላቀለች ማውራት ጀምራለች፤ አንዳንዱን ቃል ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት ትስቅብኛለች። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ግቢ ብለውኝ አያውቁም። እኔም ልግባ ብዬ አልጠየቅኩም።